ከመጽሐፍ ነው በዪ

ልጄ ለሙያ ትምህርት ቤቱ የቃል ፈተና የመረጠችውን ርእስ ስትነግረኝ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። «የአበባ አደራደር ታሪክ፣ ከጥንት እስከ ዛሬ» አለችኝ። ቢላዋውን አስቀመጥኩት። ስለት በእጄ ይዤ የሚያስደነግጥ ነገር መስማት አልወድም።

«አበባ?» አልኳት።

«አበባ።»

«ሌላ ርእስ ጠፋ? ስለ ወደቡ፣ ስለ ባቡሩ ብትናገሪ ምን አለበት?»

«ስለ ወደቡ ሁሉም ይናገራል፣ እማ። ፈታኞቹም ሰልችቷቸዋል።»

ትምህርት ቤቱ ለሆቴልና ለእንግዳ አቀባበል ሥራ የሚያሠለጥን ነው። የሚቀበለው ጥቂት ልጆችን ነው። አመልካቹ ከሥራው ጋር የሚገናኝ አንድ ጉዳይ ይመርጥና ሦስት ፈታኞች ፊት ቆሞ በፈረንሳይኛ ያስረዳል። ልጄ አምና ሌላ ቦታ ተፈትና ወድቃ ነበር። ይኼኛውም ካመለጣት የሚጠብቃትን አውቀዋለሁ። የአሠሪዬ ጓደኛ የሆነች ሴት ከወዲሁ «ያቺ ልጅሽ ጨዋ ትመስላለች፤ እኔ ቤት እያደረች ብትሠራ ደስ ይለኛል» ብላኛለች። በክፋት አይደለም ያለችው። እኔ ግን ያን ቀን አንዱን ድስት ሁለት ጊዜ አጠብኩት።

ጅቡቲ የመጣሁት አራተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ከጎጃም ገጠር ወጥቼ፣ ገና በወጣትነቴ ነው። ከዚያ ወዲህ በሦስት ቤት ሠርቻለሁ። ልጄ እስክትወለድ ድረስ የማድረው በሰው ቤት ነበር። አባቷ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ከባድ መኪና ይነዳል፤ እሱም ቢሆን ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ነው የሚያድረው። በሰው ቤት የምታድር ሴት ሥራዋ ብቻ ሳይሆን እንቅልፏም የሰው ነው። ሲጠሯት ትነሣለች። ያንን ለልጄ አልመኝም ነበር፤ ደግሞ እንዳይደርስባት ማድረግ የምችለው ነገር እምብዛም አልነበረም።

አርብ የዕረፍት ቀኔ ነው። ካርቲየ ሦስት በሚባለው ሰፈር ባለችው ክፍላችን በር ላይ ጥላው እስኪሸሽ ድረስ ቁጭ እንላለን። እሷ ከስልኳና ከቤተ መጻሕፍት ከተዋሰችው መጽሐፍ በፈረንሳይኛ ታነባለች፤ ከዚያ ለኔ በአማርኛ ትነግረኛለች። ሰው ፊት መናገር የምትለማመደው በኔ ላይ ነበር።

ከግብፅ ጀመረች። ግብፆች ከውኃ ላይ የሚበቅል አንድ አበባ በሰፊ ገንዳ ያስቀምጣሉ፤ አንድ አበባ፣ ግራና ቀኝ አንዳንድ ቅጠል፣ ደግሞ አንድ አበባ። አንዱ ከሌላው አይደባለቅም። ከዚያ ግሪኮችና ሮማውያን አበባና ቅጠል ጎንጉነው ራሳቸው ላይ አደረጉ፤ ያሸነፈም፣ የተጋባም፣ የሞተም ይደረግለታል። ሥዕሉን አሳየችኝ። ግድግዳ ላይ የተሣለ ግብዣ ነው፤ ሴቶቹ አበባ ይዘው ያሸታሉ።

«ውኃውን የምትቀይረው የትኛዋ ናት?» ብዬ ጠየቅኳት።

«የትኛው ውኃ?»

«የገንዳው ውኃ ነዋ። በዚያ ሙቀት በየቀኑ ካልተቀየረ ይሸታል።»

«እማ፣ እሱን አልጻፉትም።»

አለመጻፋቸው አልገረመኝም። ግን ያን ቀን ስለዚያች ሴት ብዙ አሰብኩ። በንጉሥም ቤት ይሁን በቄስ፣ የታችኛውን ቅጠል እየመለመለች፣ የጠወለገውን እየለቀመች የምትውል አንዲት ሴት ኖራለች። የሚገማው ውኃ ውስጥ የገባው ቅጠል መሆኑን ያወቀችው እሷ መሆን አለባት።

ሆላንድ የሚባለው አገር ስትደርስ አስቆምኳት። እዚያ ትልልቅ የአበባ ሥዕል ይሣል ነበር አለችኝና አንዱን ስልኳ ላይ አሳየችኝ። አወቅሁት። ያንኑ ሳይሆን ወንድሙን። መጀመሪያ የሠራሁላት አሮጊት ፈረንሳዊት ሳሎን ውስጥ እንደዚህ ያለ ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። ሰባት ዓመት አቧራውን ጠርጌዋለሁ፤ እንዳልጭረው ስለምፈራ ለስላሳ ጨርቅ ጣቴ ላይ ጠቅልዬ፣ ትንፋሼን ይዤ ነበር የምጠርገው። አንድ ቀን ማዳም ወንበሯ ላይ ሆና «ይቺ በፋሲካ ሰሞን ናት የምታብበው፤ ያቺኛዋ ደግሞ ወይን ሲለቀም» እያለች አበቦቹን ነገረችኝ። ለአንድ ሳምንት ነገሩ ከነከነኝ። ከዚያ ጠየቅኳት። «ማዳም፣ ይቺ በፋሲካ ከሆነች፣ ያቺ ደግሞ በወይን ለቀማ ከሆነች፣ እንዴት በአንድ ማሰሮ ተገናኙ?» መነጽሯን አድርጋ ሥዕሉን ብዙ ቆይታ አየችው። «ከናቴ ቤት ጀምሮ ሳየው ኖሬያለሁ» አለች።

ይህንን ለልጄ ስነግራት መጽሐፉን ገልብጣ አንድ ቦታ ላይ ጣቷን አስቀመጠች።

«እዚህ ተጽፏል። ሠዓሊዎቹ እያንዳንዱን በወቅቱ ይሥሉና ኋላ አንድ ላይ ያደርጉታል ይላል። እንዲህ ያለ አበባ በአንድ ቀን በምድር ላይ አልነበረም። ማን ነገረሽ?»

«ማንም። አደይ በፋሲካ ስታብብ አይቼ አላውቅም፤ በቃ።»

ከዚያ በኋላ አነባበቧ ተለወጠ። አንድ ገጽ ታነብና «አንቺ ያየሽው አለ?» ትለኛለች። የጃፓን ነገር ሲመጣ ነበረኝ። ሁለተኛዋ አሠሪዬ ባሏን ተከትላ የመጣች ጃፓናዊት ነበረች። ዝርግ ሳህን ውስጥ ሚስማር የበዛበት ብረት አስቀምጣ ሦስት ቅርንጫፍ ብቻ ትተክልበታለች። አንዱ ረጅም ነው፣ ግን ያዘነበለ። ነፋስ የገፋው መስሎኝ አቀናሁት። በነጋታው መልሳ አዘንብላዋለች። ደግሜ አቀናሁት፤ ባዶ የቀረውንም ቦታ ከግቢ ቅጠል ቆርጬ ሞላሁላት፤ አበባ ያጠራት መስሎኝ አዝኜላት ነበር። በሦስተኛው ቀን እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። ቋንቋ አልነበረንም። ረጅሙን ነካችና ወደ ሰማይ አመለከተች። አጭሩን ነካችና መሬቱን መታ መታ አደረገች። መካከለኛውን ነካችና ጣቷን እኔ ደረት ላይ አሳረፈች። ከዚያ የሞላሁትን ቅጠል አንድ በአንድ አውጥታ፣ ባዶውን ቦታ እንዳየው ጠበቀችኝ። እያየሁት ምን እንደምፈልግ አላወቅሁም ነበር። ሁለት ዓመት ሠርቼላት ስትሄድ ግን በባዶ ቦታው በኩል መስኮቱ እንደሚታይ ገብቶኝ ነበር።

ልጄ እስክታለቅስ ሳቀች። «ሰማዩን አቀናሽላት!»

«ያዘነበለ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም። ታውቂኛለሽ።»

አሁን ያለሁበት ቤት የሚደረደረው የዛሬው ዓይነት ነው፤ ጽጌረዳው ከኛ አገር በአውሮፕላን አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ይወርዳል፣ እኔ ዘንጉን አግድም እቆርጠዋለሁ፣ ሁሉም እኩል ቁመት ሆኖ እንደ ኳስ ይታሰራል። ስለዚህ ታሪኩ የተሟላ መሰለን። አንድ ነገር ብቻ ቀረ።

«የኛስ?» አለች። «ስለ ኢትዮጵያ ፈልጌ ምንም አጣሁ።»

«እኛ አበባ አንደረድርም። አበባ መስክ ላይ ነው የሚታየው።»

ይህን ብዬ ዝም ልል ነበር። ግን እጄ እንግጫ አስታወሰ። ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ እኛ ሴት ልጆች ተሰብስበን መስክ እንወርድና እንግጫ የሚባለውን ለስላሳ ሣር ከነሥሩ እንነቅላለን። በሦስት እየከፈልን እንጎነጉነዋለን፤ በየመሐሉ አደይ እንሰካበታለን። በበዓሉ ጠዋት የቤቱ ምሰሶ ላይ፣ በሩ ላይ፣ ጎተራው ላይ ይታሰራል፤ እናትና አባት ራስ ላይም ይደረጋል። ትልቅ ሰው ጎንበስ ብሎ ከልጅ የሚቀበለው ነገር ያ ብቻ ነበር። ሲደርቅም አይጣልም።

ልጄ መጻፊያዋን ይዛ «ቀስ በዪ፣ ቀስ በዪ» ትለኝ ጀመር።

«ይኼ ሣር ነው እንጂ ታሪክ አይደለም» አልኳት።

«ሮማውያንም ያደረጉት ቅጠል ነው።»

እንግጫ እዚህ ስለሌለ ለሆሳዕና እንደምንሠራው ከአምቡሊ አትክልት ቦታ የዘንባባ ቅጠል አምጥቼ ጎንጉኜ አሳየኋት። አንድ ቁራጭ ለፈተናው ያዘች። የዚህን ከተማ አበባ ደግሞ ጎረቤታችን ልትሰጠን ቃል ገባች። አያቶቿ ከየመን የመጡ ትልቅ ሴት ናት፤ ለሙሽራ ነጭ ያስሚን በክር ትሰካለች። ፈተናው ከሰዓት ስለነበረ በማለዳ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ያልፈነዳ እንቡጥ ሰጠችኝ፤ «እርጥብ ጨርቅ ሸፍኚበት፤ ዝግ እንዳለ ሰክተሽ ጨርሺ፣ ራሱ ይከፈታል» ብላ።

እኔ ግን የአትክልት ቦታ አቧራ፣ የወፍ ኩስ፣ የማን እጅ ነክቶት ይሆን እያልኩ ተጨነቅሁ። ልጄ አንገት ላይ የሚውል ነገር ነው። ውኃ ውስጥ ትንሽ ጨው አድርጌ አሸት አሸት አደረግሁት። ክር እስካዘጋጅ ድረስ እንቡጡ ሁሉ ቡናማ ነጠብጣብ አወጣ። ጎረቤቴ መጥታ አየችው።

«ኡክቲ» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው፤ «አበባ ነው የሰጠሁሽ ወይስ ሰላጣ?»

«ንጹሕ እንዲሆን ብዬ ነው።»

«ምነው በረኪና ሳትጨምሪበት ቀረሽ።» እየሳቀች ሌላ እፍኝ አመጣችልኝ። በዚህኛው ላይ እጄን እንዳላስገባ አጠገቤ ቁጭ ብላ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

ሚኒባስ ውስጥ ነው ትልቁን ጥፋት ያጠፋሁት። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትለማመዳለች። እኔ ፈታኞቹን በዓይነ ኅሊናዬ አያቸዋለሁ። ልጄ ያለችውን ሁሉ «ከየት አመጣሽው?» ይሏታል። የግብፁ ከመጽሐፍ ነው። የሆላንዱም ከመጽሐፍ ነው። የእንግጫውስ?

«የእንግጫውን ከየት አገኘሽው ካሉሽ ከመጽሐፍ ነው በዪ» አልኳት።

«ከየትኛው መጽሐፍ?»

«መጽሐፍ ሞልቷል። ከአማርኛ መጽሐፍ በዪ።»

«እማ፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አላየሁም።»

«እናቴ የሰው ቤት ሠራተኛ ናት፣ እሷ ነገረችኝ ብለሽ የተማሩ ሰዎች ፊት አትቁሚ። ይንቁሻል። እሺ በይኝ።»

«እሺ።»

ፈጥና ነው እሺ ያለችው፤ እንዳልጨነቅ ስትፈልግ እንደዚያ ነው የምትለው። እኔም እሺታዋን ተቀበልኩ። አራት ዓመት ብቻ የተማረ ሰው ለመጽሐፍ ያለው አክብሮት የተማረው ሰው ካለው ይበልጣል። የተማሩ ሰዎች የሚተማመኑት በመጽሐፍ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ መጽሐፍ የሚለውን ቃል ከሰሙ ሌላ አይጠይቁም ብዬ ነበር።

ከበሩ ውጭ ቆሜ ጠበቅኳት። ወዲያና ወዲህ ስል ዘበኛው፣ ሸምገል ያለ ሶማሌ ነው፣ ወንበሩን ገፋልኝ።

«ልጅሽ ልትወልድ ነው እንዴ የገባችው?» አለኝ። «ቁጭ በዪ። ፈተና ነው፤ ትወጣለች።»

ወጣች። የያስሚኑ ክር አንገቷ ላይ ነው፤ ከፊሉ ተከፍቷል። ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄድን።

«እንዴት ነበር?»

«ደህና።»

«ደህና ማለት ምን ማለት ነው?»

ቀስ በቀስ ነገረችኝ። ከሦስቱ መሐል የተቀመጠችው ሴት ነበረች፤ የዚህ አገር ሰው፣ ሻሽ ያሰረች፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያደረገች። እስከ ጃፓን ድረስ ሁሉም ደህና ሄደ። እንግጫው ላይ ሴትየዋ ቀና አለች። «ይህንን አላውቀውም፤ ከየት ነው?» አለች።

«ከመጽሐፍ ነው አልኩ» አለች ልጄ። «የመጽሐፉ ስም ማን ይባላል አለችኝ።»

«አንቺስ?»

«ጣሪያው ላይ ያለውን ማራገቢያ አየሁት። አራት ክንፍ አለው። አንዱ ተጣሟል።»

«ልጄ።»

«ከዚያ ዋሽቼ ነው አልኳት። መጽሐፍ የለም፣ አንዲት ሴት ናት የነገረችኝ አልኩ። የምን ሴት አለችኝ። በሦስት ቤት የሠራች፣ የማውቃት ሴት አልኩ።»

አንዲት የማውቃት ሴት። ልጄ መንገዱን እያየች ነው የነገረችኝ። እኔ ነኝ እንደዚያ በዪ ያልኳት፤ ቃል በቃል ባይሆንም እኔ ነኝ። ቢሆንም ጆሮዬ ላይ የቆየው የመጽሐፉ ውሸት ሳይሆን ያ ነው።

«ከዚያስ ምን አለች?»

«ጻፈች። ምን እንደጻፈች አላየሁም። ሴትየዋ ሌላ ምን ነገረችሽ አለችኝ። ሥዕሉን፣ ያቀናሽውን ቅርንጫፍ ነገርኳቸው። ሳቁ።»

«በኔ?»

«በነገሩ።»

ስም ዝርዝሩ የሚለጠፈው ከስምንት ቀን በኋላ ነበር። በሦስተኛው ቀን መብላት አቃተኝ። ልጄ ብትወድቅ የጣልኳት እኔ ነኝ። ዋሾ መባሏ በሰነድ ከተጻፈ ሌላም ቦታ የሚከተላት መሰለኝ። ጽጌረዳ ስቆርጥ ጣቴን በእሾህ ወጋሁ፤ የአሁኗ ማዳሜ «ምን ሆነሻል?» አለችኝና አንድ ሰዓት ቀድሜ እንድወጣ ፈቀደችልኝ። ለልጄ ሳልነግራት ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። የኔ ፈረንሳይኛ የወጥ ቤት ፈረንሳይኛ ነው፤ ጨው፣ ማንኪያ፣ ነገ፣ ይቅርታ። የምለውን ሚኒባስ ውስጥ ደጋግሜ አጠናሁት።

ዘበኛው አወቀኝ። «አሁንስ አንቺ ልትፈተኚ ነው?» አለና አስገባኝ።

ሴትየዋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ወረቀት ከምራ ተቀምጣለች። ወንበር አሳየችኝ፤ ቆሜ መናገር መረጥኩ፤ ከተቀመጥኩ ያጠናሁት ይጠፋብኛል ብዬ። «እናቷ ነኝ» አልኳት። «ስለ አበባ የተናገረችው ልጅ እናት። ከመጽሐፍ ነው በዪ ያልኳት እኔ ነኝ። እሷ አልፈለገችም። ያቺ ሴት እኔ ነኝ። የሰው ቤት እሠራለሁ።» ከዚያ ይቅርታ አልኩ፤ ያንን ቃል በደንብ አውቀዋለሁ።

መነጽሯን አወለቀች። ቀስ ብላ፣ እንዲገባኝ ቃል እየመረጠች መለሰችልኝ። ነጥቡ የዚያኑ ዕለት ተሰጥቶ አልቋል፤ እኔ መጥቼ የሚጨመርም የሚቀነስም የለም። «ለመጽሐፉ ቀንሼባታለሁ» አለች። «ለሴትየዋ ግን አልቀነስኩም።» ውጤቱን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ልወጣ ስል ጠራችኝ። «ያ ሣር ምሰሶው ላይ ታስሮ ሲደርቅ ምን ታደርጉታላችሁ?»

«የሚመጣው ዓመት እስኪመጣ እዚያው ይሆናል» አልኳት። «አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ይወርዳል። እናቴ አትጥለውም ነበር፤ እሳት ላይም አታደርገውም። ጎተራው ሥር ታስቀምጠዋለች።»

ወረቀት ስባ ጻፈችው። የተናገርኩት ነገር ሲጻፍ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ከሐኪም ቤት በቀር።

ዝርዝሩ ሲለጠፍ አብረን ሄድን። ልጄ ከላይ ወደ ታች አነበበች፤ እኔ ፊቷን ነበር የማነበው። ከታች ሦስተኛዋ ላይ ጣቷ ቆመ። አልጮኸችም፤ ጣቷን ሳታነሣ ስሟን ሦስት ጊዜ አነበበችው። እኔ ደግሞ የሌላ ሰው ስም እንዳይሆን ብዬ የአባቷንም የአያቷንም ስም እንድታነብልኝ አደረግኳት።

ከበሩ ስንወጣ ዘበኛው «እናትሽም አልፋለች?» አላት።

ልጄ ክርኔን ይዛ እስከ ማቆሚያው ወሰደችኝ። ጥላ ስናገኝ ዞረችብኝ።

«መጥተሽ ነበር?»

«መጥቼ ነበር።»

«ቢጥሉኝስ ኖሮ በዚያ ምክንያት?»

«ዋሽታ ገባች ከሚባል ብዬ ነው።»

«ምን አልሻቸው?»

«እናቷ ነኝ አልኩ።»

«በፈረንሳይኛ?»

«በምን ልበል ታዲያ?»

ክርኔን ለቀቀችና ፊት ለፊቴ ቆመች። «እስቲ በዪው።»

ሰው እንዳይሰማ ዝቅ አድርጌ አልኩት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ደገምኩት። ሁለት ሴቶች ዞር ብለው አዩን።

«ልክ ነው?» አልኳት።

«ልክ አይደለም» አለች። «ግን ይገባል። አንዴ ድገሚው።»